ቀለሙ ለቀቀ

በሉዊዚያና ቆላ፣ ከረግረጉ ዳር፣
የሸንኮራ ወፍጮ ጢስ በሚያፍነው ሰፈር፣
ሆስፒታል ነበረ፣ ምድር ቤቱ ጠባብ፤
እዚያ ነበር ሥራዬ፤ ደም መቅዳት፣ ደም ማንበብ።
ሁለት ማቀዝቀዣ ጎን ለጎን ቆሟል፤
አንዱ በር ላይ «ነጭ»፣ አንዱ «ጥቁር» ይላል።
ስከፍታቸው ግን ያው ቀይ ነው፣ ያው ጠርሙስ፤
የሚለያቸው አንድ ነው፦ የወረቀት ልብስ።
ያንን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አልክድም፤
ጠርሙስ አገላብጬ፣ በብዕር፣ በቀለም።

ኦዴሊያ ነው ስሜ፣ የአልሲድ ጊድሪ ልጅ፤
ነጭ ነበር አባቴ፣ ምስኪን ዓሣ አጥማጅ።
ከድህነት በቀር ያወረሰን ባይኖር፣
በፊት በር መግባቱ ሀብታችን ነበር።

ክሊዮፈስ ባቲስት፣ ሌሊት የሚጠርገው፣
በጓሮ በር ገብቶ በጓሮ የሚወጣው፣
በየሦስት ወሩ ክንዱን ይዘረጋል፤
«ውሰጂ፣ አይጎዳኝም፤ ይተካል» ይለኛል።
እኔም እቀዳለሁ፤ ይሞቃል ጠርሙሱ፤
መዳፌን ሲያሞቀኝ፣ «ጥቁር» ብዬ ለሱ
እጽፍለት ነበር።

አንድ የነሐሴ ሌሊት ማዕበል ተነሣ፤
መብራት ድርግም አለ፣ ጣሪያው ተበሳ፤
ጎርፉ ሰተት ብሎ ምድር ቤቱን ሞላ፤
ሁለቱ ሣጥኖች ተንሳፈፉ ኋላ።
ክሊዮፈስና እኔ ፋኖሱን ሰቅለን፣
ጠርሙሱን ከጎርፉ እንደ ዓሣ ለቅመን፣
ጠረጴዛ ሞላን።
ያን ጊዜ ነው ያየሁት፦
ወረቀቱ ርሶ፣ ሙጫው ተላቀቀ፤
የጻፍኩትም ሁሉ፣ ቀለሙ ለቀቀ።
ክሊዮፈስ አየኝ፤ ፈገግም አለና፣
«እንግዲህ፣ እመቤት፣ የቱ ነው የኔና
የቱ ነው የናንተ?»
መልስ አልነበረኝም።

ከፎቅ ጩኸት መጣ፦ «ደም! ዓይነቱ ኦ! ቶሎ!»
የወለደች ሴት ናት፣ ደሟ አልቆም ብሎ፤
ባለ ወፍጮው ጌታ የዱፕሌሲ ሚስት፤
«ነጭ» ማለት ያን ሌሊት መቅረብ ነበር ለሞት።

አጉሊ መነጽሬን በፋኖስ አብርቼ፣
ደሙን ከመለያው ጠብታ አገናኝቼ፣
አንዱ ውህድ ሲሆን፣ አንዱ ሲጓጎል፣
ዓይነቱን ለየሁት፤ ኤ፣ ቢ፣ ኦ፣ በሚል።
ለካስ ልዩነት አለ! የለም አልልም፤
የኤ ደም ለቢ ሰው መርዝ ነው፣ አይሆንም።
ግን ያ ልዩነት ድንበሩን ሲያሰምር
ከቆዳ አልተማከረም፤ አይቶም አያውቅ የጓሮ በር።
ወንድሜ ኑማ እንኳ፣ ያንድ ጡት ተካፋይ፣
በደሙ ባዕዴ ነው፤ ወንድምነቱ ላይ ላይ።
ክሊዮፈስ ግን አለ፣ መጥረጊያ የያዘው፣
በክፉ ቀን ደርሶ ደሜን የሚተካው።

ሦስት ጠርሙስ ኦ፣ ስም የለሽ፣ ርቃኑን፣
ታቅፌ ወጣሁት ጨለማ ደረጃውን።
ሐኪሙ አላየውም። ወይ አይቶ ዝም አለ።
ጠብ... ጠብ... ጠብ... እያለ
የደረቀ ከንፈር ቀለም ተቀበለ።

ሲነጋ ክሊዮፈስ ጭቃውን ይጠርጋል፤
«ዳነች?» ሲል ጠየቀኝ። «ድናለች።» «ይተካል»
አለና ክንዱን አሸ።
የፊት በሩን ጎርፉ ገንጥሎት በሌሊት፣
ወለል ብሎ ሳለ ያለ ክልከላ ጽሕፈት፣
እሱ ጫማውን በእጁ ይዞ
በጓሮ ወጣ።

በሳምንቱ አዲስ ማቀዝቀዣ መጣ፤
ሁለት።
አዲስ ሙጫ፣ አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ቀለም።
እኔም ጻፍኩ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤
ጻፍኩ።

ያቺ ሴት ኖረች፤ አረጀች፤ እሑድ እሑድ አሁንም
ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ስለ ዘሯ፣ ስለ ቤቷ ደም
ታወራለች፦ «የጠራ ነው፣ ያልተቀላቀለ፣
ከአያቶቻችን ወዲህ...» ጉንጯ ቀላ እንዳለ።
እኔ ቅላቱን አያለሁ።
የቱ ጠርሙስ ነበር? የየትኛው ክንድ?
አልነግራትም። ብነግራትስ ምን ብዬ?
እኔም አላውቀው፤
ቀለሙን ውሃ ወሰደው።